በሞዴል 19 የተረከብኳት ልጅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ካዛንቺስ፣ ፈርሶ ካላለቀው ወገን

ለተከበሩ የቤተሰብ ጉዳይ ችሎት የአገልግሎት ማሻሻያ ክፍል ኃላፊ
(የችሎቱን ስም ለክብሩ ስል አልጽፈውም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የባለቤትዎ፣ የልጆችዎ፣ የጸሐፊዎ፣ እንዲሁም የዚያ ጠዋትም ከሰዓትም «ሲስተም የለም» የሚለው የመስኮት ሁለት ሠራተኛ ጤንነት እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የታመመው ባለፈው ቅዳሜ ሜክሲኮ አካባቢ በከፈታችሁት ዘመናዊ ማዕከል ደጃፍ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ስለሆነ፣ ሕመሙን እንደ አገልግሎት ማሻሻያ ቆጥሬዋለሁ እንጂ አላማርርም።

ስሜ ጀማነሽ አጥናፉ ይባላል። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ ከእስክርቢቶ እስከ ጄኔሬተር ድረስ ያለ ፊርማ ከእጄ የወጣ ዕቃ የለም። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ ይህን የምጠቅሰው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው። በምኖርበት ግቢ ፊት ለፊቴ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለ። በዚያ ቤት ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ዳባ፣ ደምበል አካባቢ ቢሮ ያላት ሔለን እና የስምንት ዓመት ልጃቸው ቢሊሴ ይኖሩ ነበር። ባልና ሚስቱ የዛሬ ሁለት ዓመት በችሎታችሁ ተፋቱ። ሌላ የሚገቡበት ቤት ስላልተገኘ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ችፑድ ተመታና ዳባ በግራ፣ ሔለን በቀኝ በኩል ቀሩ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ላለማለት ከንፈሩን ይነክሳል።

እንግዲህ ስለ ቢሊሴ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችሁ ያሳየኝን ምርጥ ተሞክሮ ሁሉ በተራ ቁጥር ማመስገን እፈልጋለሁ። ተራ ቁጥር የሌለው ነገር ሲፈለግ አይገኝም።

1ኛ. በቅድሚያ የማመሰግነው ስለ ቪዲዮ ችሎቱ ነው። ባለጉዳይ ታክሲ ሲጋፋ ከሚውል ቤቱ ሆኖ በስልኩ ይከራከር መባሉን ከልቤ ደግፌያለሁ። ዳባ ከግራ ክፍሉ፣ ሔለን ከቀኝ ክፍሏ ሆነው ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትኖር ሊከራከሩ በየስልካቸው ገቡ። ችፑዱ ግን ለችሎት ክብር ታስቦ የተመታ ስላልነበረ፣ ዳባ የተናገረው አንዴ በራሱ ስልክ፣ አንዴ ደግሞ በሔለን ስልክ እያለፈ ክብርት ዳኛ ዘንድ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደርስ ጀመር። ዳኛዋም «ሁለታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ ወይ? እባካችሁ ተራራቁ!» ብለው አዘዙ። ትዕዛዝ ይከበራልና ሁለቱም ስልካቸውን ከፍ አድርገው እያዩ ወደ ግቢ ወጡ። በግቢያችን ኔትወርክ የሚገኘው በእኔ በረንዳ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በእኔ በረንዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተፈጸመ። እኔ ከኋላቸው ቁጭ ብዬ ለወጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ክብርት ዳኛ በስክሪኑ እንባዬን አይተው «እኚህ እናት ማን ናቸው?» አሉ። በዚያች ቀን «በጉዳዩ እጅግ ያዘኑ ጎረቤት» ተብዬ መዝገቡ ውስጥ ገባሁ። ለዚህ ሁሉ ያበቃኝን ሽንኩርት አመሰግናለሁ።

2ኛ. ቀጥዬ የማመሰግነው ለሕፃናት ምቹ ስላደረጋችሁት ክፍል ነው። ወይዘሪት መብርሂት የተባለች ባለሙያችሁ፣ በእውነቱ ጨዋ ልጅ ናት፣ ቢሊሴን ቀለም እርሳስ ሰጥታ ቤትሽን ሳዪልኝ አለቻት። ቢሊሴ በወረቀቱ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ በሮች ሳለች፤ በመካከላቸው ደግሞ ከዘራ የያዘች፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች የሞላች አንዲት ሴት። ከዚህ ስዕል ሦስት ገጽ ሪፖርት ወጣ። በሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ እኔ «ግዙፍ የመረጋጋት ምልክት» ነኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተብያለሁ፤ ኪሎዬን ያነሳ ሰው ግን ከባለሙያችሁ በፊት አልነበረም።

በዚህ መነሻ ችሎቱ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ከአባቷ ጋር እንድትውል፣ መቀባበሉም በእኔ ሳሎን እንዲሆን ወሰነ። ሳሎኔ «ገለልተኛ የመረካከቢያ ቦታ» ተባለ። ሦስት በአራት ናት። ፈቃደኛ መሆኔን የጠየቀኝ የለም፤ ገለልተኛ መሆኔን የነገራችሁም ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከዳባ ጋር በግቢው ቧንቧ፣ ከሔለን ጋር በልብስ ማስጫ ገመዴ ተጣልቼ አውቃለሁ። ከሁለቱም እኩል መጣላት ገለልተኝነት ከሆነ፣ እውነትም ከእኔ የተሻለ አታገኙም ነበር።

3ኛ. ትዕዛዛችሁ በመጨረሻው መስመር «ርክክቡ በጽሑፍ ይያዝ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ይህን መስመር የጻፈው ሰው ለማን እንደሚጽፍ አላወቀም። ጡረታ ስወጣ የንብረት ክፍል ባልደረቦቼ ለቀልድ ያህል የሸለሙኝ ሁለት ጥራዝ ነበረኝ፤ አንዱ ዕቃ ገቢ የሚሆንበት ሞዴል 19፣ ሌላው ዕቃ ወጪ የሚሆንበት ሞዴል 22። ከነካርቦናቸው ከአልጋዬ ሥር አወጣኋቸው። የመጀመሪያውን ገቢ ቃል በቃል እገለብጥልዎታለሁ፦

የዕቃው ዓይነት፦ ቢሊሴ ዳባ። መለኪያ፦ በቁጥር። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ጥሩ፤ ከፊት ሁለት ጥርስ የጎደላት፤ በግራ ጉልበቷ ላይ ከመረከቤ በፊት የነበረ ጭረት ያላት። ተጓዳኝ ዕቃ፦ ጃኬት አንድ፣ ሪባን ሁለት። አስረካቢ፦ ሔለን። ተረካቢ፦ ጀማነሽ።

ሔለን መጀመሪያ ተቆጣች። ልጄ ዕቃ ናት ወይ አለች። እኔም አዎ፣ ውድ ዕቃ ናት፣ ውድ ያልሆነ ነገር በሞዴል 19 አይገባም አልኳት፤ ፈረመች። ቢሊሴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደስታ ሰከረች። ካርቦኑን የምታስገባው እሷ፣ ቀኑን የምትሞላው እሷ፣ ሦስተኛውን ቅጂ የምትገነጥለው እሷ ሆነች። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዳባ ሲመልሳት ሪባኗ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ወጪ ያደረግኩት ሁለት ነው። አልፈርምም አልኩ። ዳባ «እትዬ ጀማነሽ፣ በማርያም፣ ሪባን እኮ ነው! በቃ ነገ ሌላ እገዛላታለሁ» ብሎ ለመነኝ፤ ልጅቷ ራሷ ክንዷን አጣምራ አይፈረምም ስላለች ምርጫ አልነበረውም። ደምበል ኬክ ወደበሉበት ቤት ተመልሶ ከወንበር ሥር አግኝቶ አመጣው። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ሪባን ይቆጥራል። ሠላሳ አራት ቅዳሜ ሠርተን አንድም ጉድለት አልተመዘገበም፤ የእናንተ መዝገብ ቤት ባለፈው ዓመት የጠፋበትን የዳባን ፋይል አግኝቶ ከሆነ ግን ደስ ይለኛል።

4ኛ. እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ማመን አለብኝ። ትዕዛዙ ወላጆቹ እንዳይገናኙ በመካከላቸው የአሥራ አምስት ደቂቃ ልዩነት ይኑር ይላል። መጀመሪያ ሰሞን በጥብቅ ተከበረ። ሔለን ታስረክብና አራት እርምጃ ተራምዳ ቤቷ ገብታ በሩን ትዘጋለች፤ ዳባ በመስኮቱ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ እሱም በተራው አራት እርምጃ ተራምዶ ይመጣል። በመካከሏ ባለችው ሩብ ሰዓት እኔና ቢሊሴ በቆርኪ ዳማ እንጫወታለን፤ እሷ በቀይ፣ እኔ በቢጫ። አንድ ቅዳሜ ዳባ ሲመጣ ጨዋታው አላለቀም ነበር። ቢሊሴ ያላለቀ ጨዋታ ጥላ እንደማትሄድ፣ እኔም ጨዋታ ላይ ያለን ንብረት ወጪ እንደማላደርግ በአንድነት አስታወቅን። ዳባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሔለን ጃኬቴን ረሳሁ ብላ ተመለሰችና በሌላኛው ጫፍ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቅዳሜ ረሳሁ የምትለውን ነገር ስም መጥራቱንም ተወችው።

ታረቁ ብዬ አልዋሽዎትም። አልታረቁም፣ የሚታረቁም አይመስለኝ፤ እኔም እንዲታረቁ አልለመንኩም። እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። ነገር ግን ልጅቷ ቆርኪዋን ልታንቀሳቅስ እጇን ስትዘረጋ ሁለቱም በአንድ አፍ «ያንን አትንኪ፣ ትበያለሽ!» ይላሉ። ቢሊሴ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ትመለከታለች፤ አንገቷን ብቻ ነው የምታዞረው። ያች ልጅ ከሳምንቱ ቀናት እናትና አባቷን በአንድ ቦታ ተቀምጠው የምታያቸው በእኔ ሶፋ ላይ ብቻ ነው። እኔም ልጅ አሳድጎ የማያውቀው ሰው ቅዳሜን ከረቡዕ ጀምሬ መጠበቅ ጀመርኩ። ደስ ይለኛል፣ ክቡር ሆይ። በሩን ስታንኳኳ ከእነ ጉልበቴ ነው የምዘለው። የሩብ ሰዓቱ ደንብ ተጥሷል፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም።

5ኛ. እንዲህ ሆነን ስንኖር ነው በጥቅምት ማብቂያ በስልኬ መልእክታችሁ የደረሰኝ። «ውድ ተገልጋይ፣ ምርጥ ተሞክሮን በመቀመር የተደራጀው ዘመናዊ የሕፃናት መረካከቢያ ማዕከል ሜክሲኮ አካባቢ ሥራ ስለጀመረ፣ ከኅዳር 13 ቀን ጀምሮ ርክክብ የሚፈጸመው በማዕከሉ ይሆናል። እስካሁን ለሰጡት አገልግሎት እናመሰግናለን።» ማዕከሉ መጫወቻ፣ ካሜራ፣ በግድግዳው ላይም ቀጭኔ እንዳለው ሰማሁ። ቀጭኔው በእውነቱ ያምራል፤ በበሩ ስንጥቅ አይቼዋለሁ።

አሁን እባክዎ ካርታ ያውጡና በጣትዎ ይከተሉኝ። እናት በካዛንቺስ ከቀኝ በኩል ካለው በር ልጇን ይዛ ትወጣለች። በታክሲ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ ትሄዳለች። በማዕከሉ ታስረክባለች። አባት ከእሷ አራት እርምጃ ርቆ ካለው ከግራው በር ይወጣል፤ በታክሲ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ ይሄዳል። ልጁን ይረከብና በታክሲ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ካዛንቺስ አምጥቶ በግራው በር ያስገባታል። ልጅቷ ከቀኝ በር ወደ ግራ በር ለመድረስ ግማሽ ከተማ ትዞራለች ማለት ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ያንኑ በተቃራኒው ትደግመዋለች። ይህን መንገድ ያቀደው ሰው በየትኛው አገር ያየውን ተሞክሮ እንደቀመረ ባውቅ፣ የዚያን አገር ሕፃናት በጸሎቴ አስባቸው ነበር።

እኛ ግን ትዕዛዝ አክባሪ ነን። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቢሊሴን እንደ ወትሮው ከሔለን በሞዴል 19 ተረከብኩና ለማዕከሉ ላስረክብ ተነሳሁ፤ ሔለንም አብራን ወጣች። ታክሲ ተራው ላይ ሳለን ዳባ ከኋላ መጣ። በሕጉ መሠረት ሌላ ታክሲ መጠበቅ ነበረበት፤ ሰልፉን ያየ ሰው ግን አይፈርድበትም። ሁላችንም በአንድ ሚኒባስ ገባን፤ እኔና ቢሊሴ መሃል፣ እናትና አባት ግራና ቀኝ፣ ልክ እንደ ሶፋው። ወያላው አምስተኛ ሰው ሊያስገባብን ፈልጎ «ቤተሰብ አይደላችሁ እንዴ? ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ። ማናችንም አላረምነውም፤ ጠጋ አልን።

ማዕከሉ ስንደርስ ጥበቃው ወላጆቹንና ልጅቷን አስገብቶ እኔን በእጁ አገደኝ። «ማዘር፣ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ውጭ ነው የሚቆየው» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ በትህትና ነው ያለው፤ ለዚህም ይመስለኛል ከጉልበቴ ይልቅ እሱ ያመመኝ። የሆነውን ከዚህ በኋላ የማውቀው ሔለን እንደነገረችኝ ነው። ፊሮምሳ የሚባል ትሁት ወጣት ሠራተኛ በኮምፒውተር የልጅቷን ስም መዘገበና በሉ ጨርሰናል አለ። ቢሊሴ አልጨረስንም አለችው። ቦርሳዋን ከፍታ ሞዴል 22 አወጣች፣ ካርቦኑን አስገባች፣ ብዛት አንድ፣ ሪባን ሁለት ብላ ሞላችና ተረካቢ በሚለው ላይ ፈርም አለችው። ልጁ አይቶት የማያውቀው ወረቀት ሆነበት። በወረቀት ላይ መፈረምም ማኅተም መምታትም የሚችሉት ኃላፊው ብቻ እንደሆኑ፣ ኃላፊውም ቢሾፍቱ ለምርጥ ተሞክሮ ልምድ ልውውጥ እንደሄዱ አስረዳት። ቢሊሴ እንግዲያው አልወጣሁም አለችና ጥራዟን ዘጋች። ከደጃፉ ሆኜ ሁለት ሰዎች አብረው ሲስቁ ሰማሁ። ዳባና ሔለን ነበሩ። ሲስቁ ስሰማ ከሁለት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

በአንድ ታክሲ ተመለስን።

6ኛ. ስለላካችሁልኝ የምስጋና ወረቀትም አመሰግናለሁ። ወፍራም ነው።

ክቡር ሆይ፣ መልእክታችሁ እስከ ሐሙስ ኅዳር 25 ቀን ተቃውሞ ካልቀረበ ትዕዛዙ እንደሚጸና ይገልጻል። ይህ ደብዳቤ ተቃውሞ ነው። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ቀጭኔ አልጠይቅም፣ ካሜራ አልጠይቅም፣ በጀትም አይመደብልኝ። የቅዳሜው ርክክብ ወደ እኔ ሳሎን ይመለስ፤ ልጅቷም እናትና አባቷን በአንድ ጊዜ የምታይባት ያች ሶፋ አትወሰድባት። ይህ ቢቀር ቢሊሴ የምታጣው ምን እንደሆነ ከላይ ጽፌያለሁ። እኔ የማጣውን ደግሞ እርስዎ ምን ገዶዎት፤ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ነኝ።

እስከዚያው ግን አንድ የአሠራር ነጥብ ላስታውስ። ቢሊሴን ቅዳሜ ጠዋት በፊርማ ተረክቤያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ በፊርማ የተረከበኝ የለም። በንብረት አሠራር ደንብ ወጪ ያልሆነ ንብረት በመጨረሻው ተረካቢ ስም ይቆያል። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት ልጅቷ በእኔ ስም ናት። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ የምታድረው እናቷ ጋ በውሰት ነው፣ ትናንት ማታም ለአባቷ ለአንድ ሰዓት የቤት ሥራ በውሰት ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለቱም ፈርመዋል። የማዕከላችሁ ኃላፊ ከቢሾፍቱ ሲመለሱ መጥተው ልረከብ ቢሉ፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ ክሊራንስ ሳልጨርስ ከሥራ እንደማልሰናበት ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ኔትወርክን፣ ለመስኮት ሁለት ሲስተምን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት በላይ በሆነ አክብሮት፣ ከነከዘራዬ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ በተቻለኝ መጠን ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ጀማነሽ አጥናፉ
ግዙፍ የመረጋጋት ምልክት
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት መብርሂት
ለመስኮት ሁለት (ሲስተም ሲኖር)

ማስታወሻ፦ የምስጋና ወረቀታችሁን በሞዴል 19 ገቢ አድርጌዋለሁ። ሁኔታ በሚለው ሥር «አገልግሎት የማይሰጥ፤ በኮሚቴ የሚወገድ» ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ሌላ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ልዘጋ ስል ቢሊሴ ከትምህርት ቤት መጥታ ጥራዙን ከፊቴ ወሰደችና አንድ ቅጽ ሞላች። እገለብጠዋለሁ። የዕቃው ዓይነት፦ እማማ ጀማነሽ። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ያረጀች፣ ግን የምትሠራ። ተጓዳኝ ዕቃ፦ ከዘራ አንድ። ተረካቢ፦ ቢሊሴ ዳባ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ለማሰናበት የእሷ ፊርማ ያስፈልጋል። ማዕከሉን ስትከፍቱ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ አልጠየቃችኋትም፤ አሁን ግን ሳትጠይቋት አይሆንም። ለመጠየቅ ባለሙያ መቅጠር፣ ስዕል ማሳል፣ ቢሾፍቱ መሄድም አያስፈልግም። በማናቸውም ቅዳሜ መጥታችሁ በሬን አንኳኩ፤ የምትከፍትላችሁ እሷ ናት።